ለአንዳቸው ብቻ የበቃ ትንፋሽ

በአንድ ወቅት፣ በቆላ በምትገኝ አንዲት የስኳር ፋብሪካ ከተማ፣ አቶ ንጋቱ የሚባሉ ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእንፋሎት ቧንቧ አስቤስቶስ በሚባል ነጭ ቃጫ ሲጠቀልሉ ኖሩ። ቃጫው እሳት ስለማይበላው ሠራተኛው ሁሉ «የድንጋይ ጥጥ» እያለ ያደንቀው ነበር። ብናኙ ሳንባ እንደሚጎዳ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪሙም እንደ አገሩ ልማድ አባትየውን ውጭ አስቀምጦ ሦስቱን ልጆች አስገባ።

«የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው፤ ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ለቀዶ ጥገና ዘግይቷል። ኬሞቴራፒ ወራት ሊጨምርላቸው ይችላል እንጂ አያድናቸውም። ደረታቸው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ እየቀዱ፣ ሕመሙን እያስታገሱ ማሳረፍም ሕክምና ነው» አላቸው።

ልጆቹ ተላቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወጡና «ብርድ ነው አሉ፣ አባባ» አሏቸው። እኛ አገር ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ፍቅር ነው፣ ፍርሃትም ነው።

የበኩር ልጃቸው አስናቀ ዕድሜን መረጠ። ሥራውን ትቶ አባቱን ይዞ አዲስ አበባ ከረመ፤ ወረፋ ጠበቀ፣ ሲያስመልሳቸው ሳፋ ያዘ። «ለሳልዎ የሚሆን መርፌ ነው» እያለ ኬሞውን አስጨረሳቸው። አቶ ንጋቱም ለፋሲካ አይደርሱም ሲባሉ ፋሲካን አልፈው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አዩ።

ወይንሸት ዕረፍትን መረጠች። ከስተው ሲመለሱ ቤቷ አስገባቻቸው። ደረታቸው ላይ በተተከለው ቀጭን ቱቦ ውሃውን መቅዳት ከነርሷ ተማረች፤ የሞርፊን ሽሮፑን ሰዓቱን ሳታዛንፍ ሰጠቻቸው። ለወራት ተቀምጠው ያደሩ ሰው ጋደም ብለው ተኙ።

«መተኛትን እኮ ረስቼው ነበር» አሏት።

ሰይፉ፣ የመጨረሻው፣ ለጥየቃ እንጂ ለማስታመም የመጣ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ አባቱ «ልጄ፣ ብርድ እንዲህ ያደርጋል?» ብለው ጠየቁት።

መዋሸት አቃተው። «ካንሰር ነው፣ አባባ። ከዚያ ጥጥ ነው የመጣው። መዳኛ የለውም።»

አቶ ንጋቱ በማግስቱ የቀሩትን የሥራ ባልደረቦቻቸውን አስጠርተው «ትንፋሽ ያጠረው ይመርመር» አሏቸው። የአንዱ በሽታ ለቀዶ ጥገና ሳይዘገይ ተገኘለት፤ ዛሬም በሕይወት አለ። እሳቸው ግን አስናቀ ያስያዘላቸውን ሁለተኛ ዙር ኬሞ እምቢ አሉ፣ ምግብም አስጠላቸው። ሦስት ሳምንት ብቻ ቆዩ።

ምግብ መቅመስ ባቆሙ ጊዜ አስናቀ ሰይፉን «አንተ ነህ የገደልካቸው» አለው።

በመጨረሻው ቀን ሦስቱም ለምርቃት ተንበረከኩ። አቶ ንጋቱ ሁልጊዜም የሚመርቁት እያንዳንዱን በስሙ፣ እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው ነበር።

«ለአንዳችሁ የሚበቃ ትንፋሽ ነው የቀረኝ» አሉ። እጃቸውን አነሱ። ስም ሳይጠሩ ትንፋሻቸው ቆመ፤ እጃቸውም ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

በአርባው ቀን ልጆቹ በአንድ ድንኳን ሦስት ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎችም ምርቃቱ ለማን ይገባ እንደነበር ተከራክረው ሳይስማሙ ተበተኑ። እኔም መፍረድ አልሆነልኝም።

እናንተስ? ዕድሜ የጨመረላቸው አስናቀ፣ ሕመማቸውን ያቀለለችላቸው ወይንሸት፣ ወይስ እውነቱን የነገራቸው ሰይፉ፤ ያ እጅ በማን ራስ ላይ ማረፍ ይገባው ነበር?