ከደፍ በታች

አንድ ንጉሥ በከተማው አደባባይ ትልቅ ድንጋይ አስተክሎ፣ «ይህች ከተማ በአያቴ ተጀመረች፤ ከዚያ በፊት ዱር ነበረች» ብሎ አስቀረጸበት። በማግሥቱ ዐዋጅ አስነገረ፤ ከአያቱ ጋር መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ባለርስት ይሁኑ፣ የቀሩት መጤዎች ናቸውና ለቀው ይውጡ።

መጀመሪያ ውጡ የተባሉት በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በከተማዋ በእነሱ ገንቦ የማይጠጣ፣ በእነሱ ድስት የማይበላ ሰው አልነበረም። ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥም አልነበረም።

ወታደሮች ቤት ሊያፈርሱ ሲመጡ ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ሸክላ ሠሪ ደፏ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ታሪክ ጸሐፊውን አስከትሎ ራሱ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ ዐዋጁን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ጃንሆይ። ድንጋዩንም አይቼዋለሁ። አቋቋሙ ያምራል።»

ጸሐፊው ሣቀ። «ጭቃ ጠፍጣፊ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃለች! ይልቅ የዘር ሐረግሽ የተጻፈበትን ብራና አምጪ።»

«ብራና የለንም፣ ጌታዬ፤ ልማድ ነው ያለን። የእኛ ልጅ መጀመሪያ የሠራችው ገንቦ እሳት ላይ ሲሰነጠቅባት ስብርባሪውን አንጥልም። ደፏ ሥር እንቀብረዋለን፤ በወጣች በገባች ቁጥር ጥፋቷን እየረገጠች እንድታስታውስ። ቤቱ ሲያረጅ እንደገና ይሠራል። ደፉ ግን ቦታውን አይለቅም።»

«እና በተሰበረ ገንቦ ነው የምትመኪው?» አለ ንጉሡ።

«ያስቆፍሩት።»

ንጉሡ ሊያሳፍራት ፈልጎ አስቆፈረ። አንድ ክንድ ሳይወርዱ አፉ የተጣመመ ገንቦ ወጣ፤ የደብሪቱ ነበር። ከሥሩ የእናቷ፣ ከእናቷ ሥር የአያቷ። ቀጥሎ ከተማዋ የተቃጠለችበት አመድ መጣ። ከአመዱ ሥር ደግሞ ስብርባሪ። ከዚያ የጎርፍ ደለል፣ ከደለሉም ሥር ስብርባሪ። ወታደሮቹ መሰላል አወረዱ። በመጨረሻ ሸክላው አለቀና አንዲት ጥቁር ባልጩት ወጣች፤ ብረት ገና ሳይታወቅ ሰው ቆዳ ይፍቅበት የነበረው ዓይነት። ስትጠረብ መሃሏ ላይ ተሰብራለች።

ደብሪቱ በመዳፏ ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «ለዚችኛዋም አልሆነላትም» አለች። «አይዞሽ፣ እናቴ።»

ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረች። «አሁን ደግሞ የእርስዎን ደፍ እናስቆፍር።»

የቤተ መንግሥቱ መሠረት ሲቆፈር ስንት ቅርጫት ስብርባሪ ወጥቶ እንደተጣለ ግንበኞቹ ለንጉሡ ነግረውት ነበር። ጸሐፊውም አፈር አፈሩን ያይ ጀመር።

«ጉድጓዱን ድፈኑ! ቤቱን አፍርሱ!» አለ ንጉሡ።

«ይድፈኑት» አለች ደብሪቱ፣ በዱላዋ ተደግፋ እየተነሣች። «እኛን አፈር አሳድጎናል፣ አፈር አይፈጀንም። የእርስዎ ታሪክ ነው ዝናብ የሚመታው።»

መንደሩ በዚያው ቀን ፈረሰ። ሸክላ ሠሪዎቹ ተሰደዱ። ንጉሡ ሞተ፣ ልጁም ሞተ፣ ከተማዋም ሁለት ጊዜ ስሟን ቀየረች።

በእኛ ዘመን በዚያ ወንዝ ዳር ለፎቅ መሠረት ኤክስካቫተር ሲቆፍር የንጉሡ ድንጋይ ተገኘ። በአደባባይ አልነበረም። ለሁለት ተሰብሮ፣ የአንድ ጎጆ ደፍ ሆኖ ተነጥፏል። ፊደሉ በእግር ብዛት ተፍቆ «በአያቴ» ከሚለው በቀር አይነበብም። ከሥሩም የተሰነጠቀ ገንቦ ተቀብሯል። ሸክላ ሠሪዎቹ ተመልሰው ኖሯል፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ።

የግንባታው አለቃ ግን፣ «ቆሻሻ ነው፣ ጫኑት! እዚህ ቦታ ከእኛ በፊት ምንም አልነበረም» አለ። ከአጥሩ ማዶ፣ ልቀቁ የሚል ወረቀት የደረሳቸው የቆርቆሮ ቤት ሰዎች ቆመው ይሰሙታል። አንዲት ሴት ከመካከላቸው ወጥታ ደፏ ላይ ተቀመጠች።

ከተማ በእኔ ተጀመረ የሚላችሁን ሰው ድንጋዩን አታንብቡለት፤ ደፉን አስቆፍሩት። ጥፋቱን የቀበረበት አፈር የሌለው ሰው፣ ሰፈረ እንጂ አልኖረም። ቢያባርራችሁም ስብርባሪያችሁ የት እንዳለ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ መመለሻቸው እሱ ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ጠዋት የተሻገራችሁት ደፍ ሥር የማን ገንቦ አለ?