በወንዙ አፍ የተፈታው ገመድ

አዲስ የተሾመ አንድ የውሃ አባት ወደ የኔታ መጣ። የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በየተራ የሚያካፍል እሱ ነው፤ ራሱም በዚያው ውሃ ሽንኩርት ያለማል። አበልጁ ያለ ተራው ውሃ እንዲለቅለት ስለለመነው ተጨንቆ ነበርና፣ «የኔታ፣ ለተቸገረ አንድ ሰው ሕጉን ባላላለት ምን ክፋት አለው?» ሲል ጠየቃቸው።

የኔታም እንዲህ አሉት።

በሐይቅ ዳር፣ ዓሣም እያሰገረ ማሳም እያረሰ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። በዚያ አገር ክረምት በገባ ቁጥር ዓሣው ዕንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ወንዙ ይወጣል። የአገሩ ሰው ያን ጊዜ ጠብቆ ወንዙ አፍ ላይ መረብ እየዘረጋ ሲፈጀው ኖሮ፣ ዓሣው እየሳሳ ሲመጣ ደነገጠ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሕግ አወጡ፤ ክረምቱ እስኪወጣ በወንዙ አፍ መረብ አይጣል፣ በሌላውም ጊዜ ዓይኑ የጠበበ መረብ አይያዝ አሉ። በወንዙ አፍ ግራና ቀኝ ችካል ተክለው ገመድ ወጠሩ። ያን ሰው፣ እውነተኛ ነው ብለው፣ ጠባቂ አደረጉት።

ጠበቀም። አንድ ሀብታም ነጋዴ ሙክት እየጎተተ ቢመጣበት ከነሙክቱ መለሰው። ዓሣው እንደገና በዛ። ሰዉም ጠባቂውን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣለት ጀመር።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ የሚስቱ ወንድም ቤት ተቃጠለ። ሰውየው ልጆቹን ይዞ ከሰው ደጅ ወደቀ። ወደ ጠባቂውም መጥቶ፣ አንድ ማለዳ ብቻ በወንዙ አፍ መረቡን እንዲጥል ለመነው፤ ዓሣውን ሸጦ ቆርቆሮ ሊገዛ ነው። ጠባቂው አዘነለት። ሚስቱ ግን፣ «ከበሬዎቹ አንዱን ስጠው። ወንድሜ ነው፤ እኔም አይቆጨኝም» አለችው። እሱ በሬዎቹን አሰበ። ጊዜው የእርሻ ነው፣ በሬዎቹም የተላመዱ ጥማድ ናቸው፤ አንዱን ቢሰጥ ዓመቱን በሰው በሬ ሊያርስ ነው። ዓሣው ግን የማንም አይደለም። ለእሱ እንደዚያ መሰለው።

በማለዳ ወደ ወንዙ አፍ ወረደና ገመዱን በገዛ እጁ ፈታው። ታንኳው ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሸምበቆው አዞረ። የሚስቱ ወንድም ዕንቁላል ያዘለ ዓሣ ታንኳው እስኪያዘነብል ጭኖ ተመለሰና እግሩ ላይ ወድቆ መረቀው። ጠባቂው ገመዱን መልሶ አሰረ። ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ቀኑን ደስ ብሎት ዋለ።

ወሬው ግን ቀድሞት መንደር ገብቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት መበለት መጣች። ችግሯ እውነት ነው፤ ከሚስቱ ወንድም ችግር እንኳ ይብስ ነበር። እሷን በምን አፉ ይከልክላት? ፈታላት። ከብቱ ያለቀበት ተከተለ፣ ልጁ የታመመበት ተከተለ። በኋላ ምንም ያልቸገረው አንድ ጎልማሳ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ተሸክሞ መጣ። ጠባቂው ክንዱን ያዘው። ጎልማሳው ሳይቆጣ፣ ረጋ ብሎ፣ «እኔ ዘመድህ ስላልሆንሁ ነው?» አለው።

ጠባቂው ክንዱን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚያስር አልተገኘም፤ ችካሎቹንም አንድ ሰው ነቅሎ ለማገዶ ወሰዳቸው።

ዓሣው ባንዴ አልጠፋም። ሲያንስ ሰዉ መረቡን አጠበበ፤ መረቡ ሲጠብ ጣት የምታህለው የዓሣ ጫጩት ሁሉ ወጣች። በመጨረሻ መረቡ ደለልና ቅጠል ብቻ ይዞ ይመለስ ጀመር። ታንኳዎቹ ዳር ላይ በሰበሱ። ወጣቱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ተሰደደ። የሚስቱም ወንድም ቆርቆሮ ቤቱን ቆልፎ ከነልጆቹ ሄደ። መበለቲቱ ግን መሄጃ አልነበራትምና እዚያው ቀርታ ለማኝ ሆነች። ሽማግሌዎቹ ጠባቂውን ከሹመቱ አልሻሩትም፤ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ሹመት እንዳለውም ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሚስቱ ከሌላ ሐይቅ በመኪና የመጣ ዓሣ ከገበያ ገዝታ፣ ጠብሳ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ጎረሰና ሣህኑን ገፋው።

የኔታ ወደ ውሃ አባቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ጉቦ አልበላም፤ ጨካኝም አልነበረም። ደግነቱ ነው ያጠፋው እንዳትል ግን። ደግ ቢሆንማ ከራሱ በሰጠ ነበር። የአገሩን ሁሉ፣ ገና ያልተወለደውንም ሰው ድርሻ አንሥቶ ለገዛ ዘመዱ ሰጠና ርኅራኄ ብሎ ጠራው። ያንተም ውሃ እንደዚያ ዓሣ ነው፤ በእጅህ ተሰጠ እንጂ ያንተ አልሆነም። ለአበልጅህ ካዘንህ የራስህን ተራ ልቀቅለት።»

የውሃ አባቱም፣ «የኔታ፣ የኔም ሽንኩርት እኮ ውሃ ጠምቶታል» አለ።

«የጎረቤቶችህስ ሽንኩርት አልጠማውም?» አሉት።