ቡሊት ዶርም ስትመርጥ

አንድ ጊዜ አራዊት ሁሉ መማር አማራቸውና አያ አንበሶ በሰፊው ሜዳ ላይ ኮሌጅ ከፈተላቸው። መምህራኑ አዋቂዎች፣ ሣሩ የለመለመ፣ ምንጩም ቅርብ ነበር። ማደሪያ ግን ኮሌጁ አይመድብም፤ ተማሪው ራሱ ዞሮ ይመርጣል። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር። ሜዳው ላይ ተማሪ ተማሪን አይነካም፤ ማደሪያ ውስጥ ግን የሚሠራው የቤቱ ወግ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ደግሞ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ማደሪያ ያልያዘ ተማሪ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ወደዚህ ኮሌጅ ቡሊት የምትባል የአህያ ውርንጭላ መጣች። ከአህያ ወገን የኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ ከእሷ በፊት አልነበረም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ እህል ስትሸከም ኖራ ጀርባዋ ላይ የማይሽር ገጣባ ወጥቶባታል። ቡሊትም ለገጣባ መድኃኒት የሚሆነውን ቅጠል ለይቼ ሳላውቅ አልመለስም ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ፍርሃት የሚባል ነገር አታውቅም። ጥፋቷ ሌላ ነበር፤ ትንሽ ታይታ ትወድ ነበር።

በኮሌጁ ሁሉ ስሙ የሚጠራው ማደሪያ የሚዳቋዎቹ ነው። ጉብታ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ጸጥ ያለ ቦታ። «የት ነው የምታድሪው?» ሲሏት «ከሚዳቋዎቹ ጋር» ብላ መመለስ ለቡሊት ትልቅ ነገር መሰላት። በታችኛው ደረቅ ሸለቆ ያለውን የከርከሮዎች ማደሪያ ግን አፍንጫዋን ነፍታ አለፈችው።

«እዚህ ኮሽታ አይወደድም» አለቻት እመት ሚዳቋ፣ የማደሪያው አለቃ። «ለመሆኑ ድምፅሽ እንዴት ነው?»

«የእኔ? መኖሬም አይታወቅ!» አለች ቡሊት።

ዋሸች። አህያ ሳያናፋ ጎህ ሊቀድለት! በመጀመሪያው ማለዳ የመጣባትን ዋጠችው። በማግስቱም ዋጠችው። ሆዷ ተነፋ፣ ዓይኗ ቀላ። መምህሩ ስለ ቅጠል ሲያስተምሩ እሷ የምታስበው ስለ ጉሮሮዋ ሆነ። አቧራ ላይ መንከባለል ቢያምራት፣ የጉብታውን ሣር ማበላሸት ነውር ነው ተባለች። ጨዋታ ቢያምራት፣ ሚዳቋ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች እንጂ መች ታወራለች! በሳምንቱ የመጨረሻ ማለዳ ግን አመለጣት። የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አናፋችው። ሚዳቋዎቹ ጠላት የመጣ መስሏቸው በየአቅጣጫው ፈረጠጡ፤ አንዷም እሾህ ውስጥ ገብታ ስትጮህ ተገኘች።

«ልጄ» አለች እመት ሚዳቋ ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ክፉ አይደለሽም። ግን ከአንቺ ጋር ብንኖር እኛ በድንጋጤ እንሞታለን፤ ዝም ብትዪ ደግሞ አንቺ ትታመሚያለሽ። መጀመሪያውኑ ብትነግሪን ምናለበት? በይ፣ ሳይመሽብሽ ሌላ ፈልጊ።»

ቡሊት አፈረች። አንገቷን ደፍታ ከጉብታው ወረደች። ማደሪያ ሳታገኝ ፀሐይ ከጠለቀች ባዶ እጇን ወደ ቤት መመለሷ ነው።

መንገድ ላይ ቀበሮ ጠበቃት። ይህ ቀበሮ ኮሌጁ ሲከፈት ጀምሮ ተማሪ ነው፤ ትምህርቱን ግን ትቶት ማደሪያ ይደልላል።

«እህቴ ቡሊት! ሰማሁ እኮ» አላት። «ሚዳቋ ከኩራት ሌላ ምን ታውቃለች? ላንቺ የሚስማማ ቤት ይዤልሻለሁ። ሰፊ ዋሻ፣ ጨዋታ አዋቂ ልጆች። ብትጮሂ አብረውሽ ይስቃሉ እንጂ ማን ይቆጣሻል!»

«የማን ቤት ነው?»

«የአያ ጅቦ» አለ ፈጠን ብሎ። «የድሮውን ተዪው። ትምህርት እኮ ለውጦታል!»

ቡሊት ሳቋ መጣ። አህያን ከጅብ ጋር ማሳደር! ነገር ግን ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ሌላ ቤትም የጠቆማት የለም። «ባለፈው ስም ሰምቼ ገብቼ ተቀጣሁ» አለች በልቧ። «አሁን አይቼና ጠይቄ ነው።» ተከተለችው። ዋሻው ደጃፍ ስትደርስ ግን እግሯን ከሜዳው አላነሳችም፤ የአያ አንበሶ ሕግ የሚጠብቃት እስከዚያች ድንበር ብቻ ነውና።

አያ ጅቦ እያነከሰ ወጣ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ የለ! ምራቁ በአገጩ ይወርዳል። ወንድሞቹም ከኋላው ተደርድረው ቆሙ።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ግቢ እንጂ! እንዴት ያለሽ ወፍራም... እንዴት ያለሽ ጨዋ ተማሪ ነሽ!»

«አመሰግናለሁ፣ አያ ጅቦ። ከመግባቴ በፊት የቤታችሁን ወግ ንገረኝ።»

«ወጋችን ቀላል ነው» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «ቀድሞ የተኛ ቁርስ ነው።»

ቀበሮን ሳል ያዘው። «ቀድሞ ለተኛ ቁርስ ይቀርብለታል ማለቱ ነው! አነጋገሩ ሻካራ ነው እንጂ ልቡ ማር ነው።» ጅቡ ሊያርመው አፉን ሲከፍትም እግሩን ረገጠው።

ቡሊት ነገሩ ገባት። ዞር ብላ መሄድ ትችል ነበር። ግን ነገ ሌላ የዋህ ተማሪ በዚሁ ቀበሮ እየተመራ እዚሁ ደጃፍ መምጣቱ አይቀርም። ይህን ስታስብ ተናደደችና እግሯን ተከለች።

«ጋሼ ቀበሮ» አለች፣ «በእኛ አገር ቤት ያመሰገነ ለቤቱ ዋስ ይሆናል። ዋስ ትሆነኛለህ?»

«ይህም ጥያቄ ሆኖ! በአባቴ ጅራት፣ ዋስ ነኝ!»

«እናንተም ሰምታችኋል» አለች ወደ ጅቦቹ ዞራ።

«ሰምተናል!» አሉ ጅቦቹ በአንድ ድምፅ። ምን እንደሰሙ ግን አላወቁም።

«እንግዲያው ዋስ ቀድሞ ይቀምሳል። ግባና ከመካከላቸው ጋደም በል። እንቅልፍ ወስዶህ ቁርስህ ሲቀርብልህ ካየሁ እኔም እከተልሃለሁ።»

የቀበሮ ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ። «እኔ እንኳን... እንቅልፍ አልመጣብኝም።»

«ዓይንህን ጨፍን፣ ይመጣል።»

«ግባ እንጂ!» አለ ጅብ በደስታ። «ማንም ቢቀድም ለእኛ አንድ ነው። አንተ ዛሬ፣ እሷ ነገ!» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ቆይ ግን፣ የእሷን ጉበት ለአንተ ብዬህ ነበር። አንተ ቀድመህ ከተበላህ ጉበቱን ማን ሊበላው ነው?»

ይህ ለጅብ ከባድ ጥያቄ ነበር። እሱ ሲያስብ ቀበሮ ጅራቱን እግሮቹ መካከል ሸጉጦ ፈረጠጠ። ጅቦቹም «ቁርሳችን!» እያሉ ተከተሉት። ቀበሮ በድንጋጤ ሜዳውን አቋርጦ ከኮሌጁ ክልል ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የአንበሳው ሕግ እንደማይሠራ ትዝ ያለው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ኮሌጅ የማደሪያ ደላላ አልታየም።

ቡሊት ግን ገና ማደሪያ አላገኘችም። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታለች። አንድ የቀራት በር የከርከሮዎቹ ነበርና ወደ ሸለቆው እየሮጠች ወረደች። እዚያ አቧራው ይጨሳል፣ ልጆቹ ይገፋፋሉ፣ ጫጫታው ለጉድ ነው። የቤቱ እመቤት እትዬ ከርከሮ በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«ምን ዓይነት ተማሪ ነሽ?» አሏት።

«ጸጥተኛ ነኝ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ደረሰ። እምቢ ቢሏት መሄጃ የላትም፤ የእናቷ ጀርባም በዓይኗ መጣባት። ቢሆንም ውሸቱን ዋጠችው።

«እትዬ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት። ጎህ ሲቀድ አናፋለሁ፤ ልተወው ብል አልችልም። አቧራ ላይ ካልተንከባለልኩ ያሳክከኛል። የማወራው ሳጣ ይከፋኛል። ማታ ግን በጊዜ ካልተኛሁ በማግስቱ ትምህርት አይገባኝም።»

እትዬ ከርከሮ ጠጋ አሏት።

«ጎህ ሲቀድ ነው ያልሽው? በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ እትዬ።»

«እነዚህ ልጆች እያረፈዱ መምህሩን አሰልችተዋል፤ የሚቀሰቅስ አጥተን ነው። ማታ እንደሆነ ሳይጨልም ነው ዘጭ የሚሉት። እኔም ሳልደብቅ ልንገርሽ። እናንኮራፋለን፣ ወለሉን እንቆፍራለን፣ ስንበላ ድምፃችን አያምርም። ትችይናለሽ?»

«እችላችኋለሁ!»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ፀሐይዋ ሳትቀድምሽ ግቢ!»

ቡሊት ዘላ ገባች። ልጆቹ እየገፋፉ ቦታ ሰጧት፤ እሷም ገፍታ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ማደሪያ የሚመረጠው በስሙ ወይም በደላላ ምስጋና ሳይሆን የቤቱን ወግ ጠይቆ የራስንም አመል ሳይደብቁ በመናገር መሆኑን ነው።