ዜማው ከርግብ ሲጀምር

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ባለ ጫካ የምትኖር አንዲት አህያ ልጇን ደራሽ ውሃ ወሰደባት። ጡት እንኳ ያልጣለ ውርንጭላ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ለለቅሶ ተሰበሰበ፤ የአህያ እንባ ግን አልመጣ አለ። ያዘነ ያውቀዋል፤ አልወጣ ያለ እንባ ያንቃል።

«አስለቃሽ ትፈልጋለች» ተባለና የጫካው ሰባት ወፎች ተጠሩ። እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ክብ ሠርተው፣ ከጎርናናዋ ቆቅ እስከ ቀጭኗ ድንቢጥ ይቀባበሉና ዜማው ተመልሶ ቆቅ ላይ ያርፋል። ምን ያደርጋል፣ የሚያውቁት የሰርግ ዘፈን ነው! ገና እንደ ጀመሩ ጥንቸል ሳይታወቃት ትከሻዋን ሰበቀች። አህያ አንገቷን ደፋች።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ቀላል ነው። ደስ ደስ የሚሉት ይውጡ። ቆቅ፣ ጅግራ፣ ድንቢጥ፣ ወዲህ ኑ! በነሱ ምትክ ሐዘንተኛ ድምፅ ፈልጌ አመጣለሁ።»

«የሚወጡትን እኔ እሸኛቸዋለሁ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሆዳም! ግማሹ የኔ ነው» አለና ቀበሮ በክርኑ ጎሸመው።

ወፎቹ ይህን ሰምተው እርስ በርስ ተጠጋጉ። ያኔ አህያ ቀና አለች።

«ማንም አይወጣም! በልጄ ለቅሶ ላይ ሌላ ሟች አልፈልግም።»

ከዚያ ወደ ርግብ ዞረች። ርግብ በተራው ስድስተኛ ናት፤ ዜማው ሁልጊዜ በሷ በኩል ሮጦ ስለሚያልፍ ልብ የሚላት አልነበረም።

«እህቴ፣ ዘፈኑ አንቺ ጋ ሲደርስ ሆዴ ይባባል። ግን ወዲያው ጥሎኝ ይሄዳል። እባክሽ፣ ዛሬ ካንቺ ይጀምር፤ ዞሮም አንቺ ላይ ይረፍ።»

«እኔ ላይ? እኔ እኮ መተላለፊያ ነኝ!»

«ዛሬ ቤቱ አንቺ ነሽ።»

ርግብ እየፈራች ጀመረች። ድንቢጥ ተቀበለች፤ ቆቅ ቀጠለች፤ ዙሩ ሄደ። ሰባቱም ያው ሰርግ ላይ የምናውቃቸው ድምፆች ናቸው፤ አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ። ዜማው ግን ሌላ ሆነ። ቆቅ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። አያ ጅቦ እንኳ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ዜማው ተመልሶ ርግብ ላይ ሲያርፍ አህያ አፏን ከፈተች።

«ልጄን! ልጄን!»

ጫካው እስኪያስተጋባ አለቀሰች። ጎረቤቶቿም ግራና ቀኝ ደግፈዋት አብረዋት አለቀሱ። ሲወጣላት፣ በደከመ ድምፅ «እስቲ ድገሙልኝ» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያዘነን ለማጽናናት አዲስ ድምፅ ፍለጋ መዞር ሳይሆን፣ ያለንን ዜማ ሐዘንተኛው ካለበት ቦታ መጀመር እንደሚበቃ ነው።