የማይቆርጠው ቢላ

አንዲት ሴት ነበረች ብዬ ልጀምርላችሁ ነበር። ምን አስዋሸኝ? እኔው ነኝ።

ብዙ አልተማርኩም። ስሜን መጻፍ ስችል ነው ትምህርቱን የተውኩት። ስለዚህ እህቶቼ፣ ቃል አሳምሬ አልነግራችሁም፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ሃያ ምናምን ዓመት አባቴን ተቀይሜ ኖርኩ። ይመር ይባላል፤ መርሳ አጠገብ ነው አገሩ። እናቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሞተች እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። በኋላ የመኪና ረዳት ላግባ ስል «መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ልጅ አልሰጥም» አለ። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው። አገባሁ። ወልድያ ገባሁ። ሠርጌ ላይ አልመጣም።

እሱን እንኳ ችዬው ነበር። የተቀየምኩት በቢላው ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ብርቄን የወለድኩ ሰሞን ወንድሜ አሊጋዝ መጣ። የአራስ ቤት መግባት አፍሮ በር ላይ ቆመ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረገልኝ።

«ምንድነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ አባ ላከልሽ።»

«ምን አለ?»

«ኧረ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው!» ብሎኝ ሮጠ።

ፈታሁት። ቢላ ነው።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ፤ እኛ አገር ቢላ ከእጅ ወደ እጅ እንቀባበላለን? አንቀባበልም። አንዷ መሬት ታስቀምጠዋለች፣ ሌላዋ ታነሳዋለች። ለምን? ያጣላል፣ ዝምድና ይቆርጣል ይባላላ! ታዲያ አባቴ ይህን አጥቶት ነው? ቅቤ ሳይሆን፣ ማር ሳይሆን፣ ለአራስ ልጁ ቢላ! ያውም በእጄ! «ቆርጬሻለሁ» ማለቱ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ደግሞ ብታዩት። ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም። ጫፉ ድቡልቡል ያለ፣ አፉ የደነዘዘ። «ሰውዬው መቁረጡን ቆርጦኛል፣ ደህና ቢላ ግን ሰሰተ» ብዬ ሳጥኔ ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ ወዲያ መርሳን አልረገጥኩም። ብርቄ ከፍ ስትል «እማ፣ አያቴ ምን ይመስላል?» ትለኛለች። «ቢላ ይመስላል» እላታለሁ። እዚህ መጥቼ ከእናንተ ጋር ስጸልይ፣ «የበደሏችሁን ይቅር በሉ» ሲባል ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ። አባቴን ግን ከዚያ ውስጥ አልቆጥረውም ነበር።

ባለፈው ክረምት ጌድዮን የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። አሮጌ ቢላ፣ ጎራዴ፣ ጩቤ የሚሰበስብ ሰው ነው። ጎረቤቴ ቤት አርፎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያለውን ያመጣለታል። እኔም ያንን ነገር አውጥቼ ወሰድኩለት። ልገላገል ብዬ ነው።

መነጽሩን አደረገ። ወደ መስኮቱ ወሰደው። አገላብጦ አየው፤ ደግሞ እንደገና አየው።

«እናቴ፣ ይህን ማን ሰጠዎት?» አለኝ።

«ከፈለግከው ውሰደው። ማን ሰጠዎትን ምን አመጣው?»

ሳቀ። «አይቆጡኝ። ብዙ ቢላ አይቻለሁ። የእርድ አለ፣ የጠብ አለ፣ ለጌጥ ወገብ ላይ የሚታሰር አለ። ይህን ግን አላወቅሁትም።»

«የደነዘዘ ቢላ ነዋ! ምን የማይታወቅ አለው? ሞረድ ቢነካው ይቆርጣል።»

«ሞረድማ ነክቶታል» አለ። «የደነዘዘ ቢላ ድሮ ተስሎ ያውቃል፤ በመሳል ብዛት አፉ እየተበላ ይሳሳል። ይሄ አንድም ቀን አልተሳለም። እንዲያውም በሞረድ አፉን አድበልብለውታል። ጫፉንም። ይዳስሱት እስኪ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አነሳሁና በጣቴ ዳሰስኩት። እውነቱን ነው፤ እንደ ማንኪያ ጀርባ ልስልስ ያለ ነው።

«ብረቱ ማረሻ ነበር» አለ። «ማረሻ ቀጥቅጠው ነው የሠሩት። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ለወንድ እጅ ያንሳል። ይጨብጡት።»

ጨበጥኩት። እጄ ውስጥ ልክክ አለ።

«አዩ? ሰው ሁሉ ቢላ ሲሠራ እንዲቆርጥለት ነው የሚለፋው። ይህን የሠራው ሰው እንዳይቆርጥ ነው የለፋው። ለምን እንደሆነ ቢያጣሩልኝ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ።»

«ካላጣራሁስ?»

«እንግዲያስ ይቅርብኝ። የሰው ጭንቀት ነው ይሄ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቤቴ መስቀል ይከብደኛል።»

እኔ እንግዲህ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። በቀጥታ የአባቴ እህት እትዬ ትርንጎ ዘንድ ሄድኩ። እዚሁ ወልድያ ናት። ድሮ የአባቴን ስም ስታነሳ «ስሙን ካነሱብኝ ደጅዎን አልረግጥም» ብያት፣ እኔን ላለማጣት አፏን ይዛ የኖረች ሴት ናት። ቢላውን እንዳየች ደረቷን ያዘች።

«ውይ ወንድሜን! አለ እንዴ ይሄ?»

«ያውቁታል?»

«ምነው አላውቀው! ማረሻውን ከሞፈሩ አውልቆ ቀጥቃጩ ዘንድ ሲወስድ እያየሁት! ‹ይመር፣ የማይቆርጥ ቢላ ምን ሊያደርግልህ ነው? ቅቤ ልታማስልበት ነው?› እያሉ ሲስቁበት። አፉን የሞረደው እሱ ራሱ ነው። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞርዳል፣ ጉንጩ ላይ ያስነካዋል፣ ደግሞ ይሞርዳል።»

«ጉንጩ ላይ ለምን?»

«እጅሽን አምጪ።»

እጅጌዬን ሰበሰበችው። ከክርኔ ከፍ ብሎ ጠባሳ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አለ፤ እሾህ የቧጠጠኝ ይመስለኝ ነበር።

«ይሄ እሾህ አይደለም» አለችኝ። «እናትሽ አንቺን ወልዳ ስትተኛ፣ ክፉ እንዳይቀርባት፣ ከአራስ ብረት አይለይም ብለን የጓዳ ቢላ ራስጌዋ አድርገንላት ነበር። ተንሸራቶ አንቺን ቆረጠሽ። አባትሽ ደምሽን በጋቢው ይዞ እንደ ሴት አለቀሰ። አንቺ ስትወልጂ ደግሞ እናት የለሽም። ‹የአራስ ብረት የምታዘጋጅ እናት ናት፤ የዘርፌን ማን ያዘጋጅላት?› አለና እሱ ተነሳ። ወንድ ሆኖ! ‹ሕፃኗን እንዳይነካት› እያለ። አሊጋዝንም ‹ራስጌዋ አስቀምጥላት› ብሎ ነው የላከው።»

ራስጌዋ አስቀምጥላት! አሊጋዝ ደግሞ በር ላይ እጄ ላይ አድርጎልኝ መኪናው እንዳያመልጠው ሮጠ።

አራስ ብረት እንደምትይዝ እኔ መቼ ጠፋኝ? ግን እሱ የእናት ነገር ነው፣ የአክስት ነገር ነው። ወንድ በዚያ አይገባም። አባቴ የእናቴን ሥራ ይሠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እህቶቼ፣ ብረት ክፉውን ያርቃል ወይስ አያርቅም ብላችሁ አትከራከሩኝ። የሚጠብቀን ማን እንደሆነ እናውቃለን። እኔ የያዝኩት ነገር ሌላ ነው። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ እናንተስ ሳጥናችሁ ውስጥ ምን አለ? ማን የላከላችሁ ነው? ስትቀበሉት «ቆረጠኝ» ያላችሁት፣ ጨርቁን ፈትታችሁ አንዴ አይታችሁ የወረወራችሁት?

እግዚአብሔርንስ? ስንት ጊዜ የላከልንን በር ላይ ተቀብለን፣ ቀና ብለን «ቆርጠኸኛል» ብለነዋል? ዝም አለኝ ባላችሁበት ጊዜ፣ ደጅ ተቀምጦ የቢላውን አፍ እየሞረደላችሁ ቢሆንስ? እንዳያማችሁ መጀመሪያ በራሱ ጉንጭ እየሞከረው ቢሆንስ?

ሁሉም ቢላ እንዲህ ነው አልላችሁም። የሚቆርጥ ቢላ የተላከባት ሴት እዚህ መሀላችን አለች፤ አውቃለሁ። እሷን «ተሳስተሻል» ብዬ አላቆስላትም። እኔ የምለው፣ በጣታችሁ ዳስሱት ነው። «አይቆርጥም» ብዬ ስሰድበው ኖርኩ፤ ለምን አይቆርጥም ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የጠየቀው የማያውቀኝ ሰው ነው።

ለጌድዮን ሄጄ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አይሽጡት» አለኝ። «አልሸጥም ልልህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

በማግስቱ የመርሳ መኪና ተሳፈርኩ። አሊጋዝ ከእርሻ አልተመለሰም ነበር። አባቴ ደጁ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ደክሟል። ጥላዬ ሲያርፍበት ቀና አለ።

«ማነው?»

«ዘርፌ ነኝ፣ አባ።»

ቢላውን ከጨርቁ ፈታሁት።

መሬት ላይ አላስቀመጥኩትም። ጎንበስ ብዬ እጁን ያዝኩና መዳፉ ላይ አደረግኩለት። ከእጅ ወደ እጅ። ያጣላ እንደሆነ እናያለን አልኩ።

ዳሰሰው። አውራ ጣቱን በቢላው አፍ ላይ ሄድ መለስ አደረገው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጩ ወሰደው።

«ልጅቱን ነካት?» አለኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ ይዞ ነው የጠበቀኝ።

«አልነካትም፣ አባ።»

«ምንም?»

«ምንም አልነካትም።»

«ተመስገን» አለ። እጁን ዘርግቶ ፊቴን ፈለገ፤ አገኘው። «ታዲያ በር ላይ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ።»

ገባሁ።