ያልተጀመረው ስብሰባ

የኮሌጁ ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት የመጪውን ዓመት ዕቅድ ሊያወጣ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኢንጂነር ገዛኸኝ ገና ከመግባታቸው «ጊዜ የለኝም» ብለው አርባ ገጽ ዕቅዳቸውን አነበቡ። ሲጨርሱ ለኅብረቱ ሻይ የምታፈላው ሴት እጇን አወጣች።

«ኢንጂነር፣ አዲስ ተማሪዎችን መናኸሪያ ሄደን በሻይ እንቀበላቸው ያልኩት የታለ?»

«ሰርዤዋለሁ። ዕቅዴ ቃል በቃል ይፈጸማል። ያልተስማማሽ እንደሆነ ከስብሰባው ውጪ።»

«ቃል በቃል ከሆነማ ደስ ይለኛል» አለች። «ተራ ቁጥር አንድ ላይ ‹ማንኛውም ስብሰባ በጸሎት ይጀመራል› ብለው አንብበዋል። እኛ አልጸለይንም። ታዲያ ካልተጀመረ ስብሰባ እንዴት አድርጌ ልውጣ?»

አንድ ተማሪ ሳቁን ሊደብቅ ወንበር ሥር ገባ። ኢንጂነሩ ዓይናቸውን ጨፍነው «እንጸልይ» አሉ። ከአሜን በኋላ ሻዩ ዕቅዱ ውስጥ ተመልሶ ገባ።