የአያ ቢተው ጉልበት

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ኧረ ድምፃችሁ የት ገባ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እስቲ እንደገና! ተረት ተረት!

የላም በረት!

እሰይ፣ እደጉልኝ።

በድሮ ዘመን አያ ቢተው የሚባል ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ ትጓደድ ትባላለች። አያ ቢተው እጁ የተባረከ ነው፤ ግን ቁርጥማት ነበረበት። ከእግሩ አውራ ጣት ይነሣና ጉልበቱ ላይ ይወጣል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ነጠላ ሲያርፍበት እንኳ ያስጮኸዋል። ሸማኔ ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ አይደል የሚሠራ? ስለዚህ አያ ቢተው፦ «የጉድጓዱ ብርድ ነው የጨረሰኝ» ይላል። ያንን ይተውና ጓሮ ሄዶ ሌላ ይቆፍራል። በዓመቱ ደግሞ ያመዋል። ደግሞ ይቆፍራል። ወይ ጉድ! አንድ ቀንማ የጎረቤት በግ ገብታበት በገመድ ነው ያወጧት።

ይሁን፣ ጉድጓዱስ ይቆፈር። የትጓደድን ሆድ የሚበላው ሌላ ነው። ትልቋ ልጃቸው ጥሩዬ የተዳረች ዕለት፣ እንደ ወጉ የአባቷን ጉልበት ልትስም ዝቅ አለች። ከንፈሯ ሳይነካው፦ «አትንኪኝ!» ብሎ ጮኸባት። ሕመሙ ነው የጮኸው። ሠርገኛው ግን ያንን በምን ይወቅ? ልጅቱ ጉልበት ሳትስም፣ ሳትመረቅ፣ እያለቀሰች በቅሎ ላይ ወጣች። አያ ቢተውም ጓዳ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አሁን ደግሞ የታናሿ የአንጓች ሠርግ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ነው። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን የአያ ቢተው ጉልበት እንደ ልማዱ አበጠ። ትጓደድ፦ «ይቺም እንደ እኅቷ ልትሄድብኝ ነው» ብላ ተንገበገበች።

ከዚያም ቁጭ ብላ አሰበች። ዐምናም ፋሲካ ሲውል ነው የጀመረው። ካቻምናም እንደዚያው። በሁዳዴ ጾም ግን ደህና ነበረ። ይሸምናል፣ ቆሞ ያስቀድሳል።

ትጓደድም፦ «አንተ ሰው፣ በጾሙ ስትሸምን የተቀመጥከው የት ነው?» አለችው።

«እዚሁ ጉድጓድ ነዋ።»

«ታዲያ ብርዱ ያኔ የት ሄዶ ነበር?»

አያ ቢተው አንገቱን አስግጎ ጉድጓዱን አየ።

«ጉድጓዱ አይደለም። ጮማውና ጠጁ ነው» አለችው።

«አበድሽ? ጮማ ሰው ያጠነክራል እንጂ ያሽመደምዳል?» ብሎ ተቆጣ። ጉልበቱ ግን ጠዘጠዘውና መልሶ ተኛ።

ችግሩ፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ትጓደድ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደችና ነገሩን አጫወተቻቸው። አባም ፂማቸውን እያሻሹ፦ «ጾሙ ለጽድቅ ከሆነ አሁን ጊዜው አይደለም። ለጉልበቱ ከሆነ ግን መድኃኒት ነው፤ እግዜር ይማረው» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ጎመን ነው፣ ዱባ ነው፣ ሽሮ ነው። ጠጁ ቀረና ውሃ በቅል ቀረበለት። አያ ቢተው፦ «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?» እያለ አጉረመረመ። አሥር ቀን ሲሞላው እብጠቱ ጎደለ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ያለ ዱላ ደጅ ወጣ። ያን ቀን ማጉረምረሙን ተወ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው የሙሽራው አባት አያ ልሳኑ በግ አስጎትቶ፣ ጠጅ አስይዞ መጣ። በጉ ታረደ። አያ ልሳኑ ጮማውን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ያን የሚያህል ጉርሻ አንሥቶ፦ «በሞቴ!» አለ።

አያ ቢተው ላብ አጠመቀው። የአማች ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አፉን ሊከፍት ሲል፣ ትጓደድ ከጓዳ ዘላ መጥታ ጉርሻውን ጎረሰችው! ጉንጯ ተወጥሮ ስታኝክ ሁሉም እሷን ያያል።

አያ ልሳኑ፦ «ምን ማለትሽ ነው? ንቀሽኝ ነው?» አለ።

እሷም ውጣ ስታበቃ ዓይኗ እንባ ሞላና፦ «በሞቴ ካልክስ እኔም በሞቴ! ጥሩዬ የአባቷን ጉልበት ሳትስም ወጣች። ይሄን ቢበላ ጉልበቱ አብጦ አንጓችም ሳትስም ልትወጣ ነው። ሳትመረቅ ልትወስዷት ትወዳላችሁ?» አለችው።

አያ ልሳኑ እጁን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያም የገዛ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና፦ «እስቲ ያንን ጎመን ለእኔም አቅርቢልኝ» አለ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

የሠርጉ ቀን ሆነ። አንጓች አባቷ ፊት ቆመች። የእኅቷን ነገር አስባ ፈራች። ጉልበቱን ሳትነካ፣ በሩቁ አየሩን ሳመችና ቀና አለች።

አያ ቢተውም፦ «ምነው ልጄ? ቀረብ በይ። ደህና አድርገሽ ሳሚኝ» አለ።

ቀረበችና ሳመችው። እሱም ራሷን ይዞ፦ «ውለጂ፣ ክበጂ» ብሎ መረቃት። እልልታው ቀለጠ። ከዚያም አያ ቢተው ዓይኑን በሰዉ መካከል አንከራተተ።

«ጥሩዬ የት ናት? አንቺም ነይ። ያንቺን እስከ ዛሬ አስቀምጬልሻለሁ» አለ።

ጥሩዬም ልጇን እንዳዘለች መጥታ ጉልበቱ ላይ ተደፋች። አያ ቢተው ያን ቀን ቶሎ አላስነሣትም፤ እሷ እስክትጠግብ ድረስ ራሷን ይዞ መረቃት።

ያ ሁሉ ጉድጓድስ? ትጓደድ አፈርና ፍግ ሞላችበትና ዱባ ተከለችበት።

በሉ፣ እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ እናንተ ተሸክማችሁ ግቡ። አፌን ግን ባዶውን አትተዉት፤ ዳቦም ዱባም ካለ አምጡና አብሱልኝ። ጮማ ያመጣ ግን ወዮለት፤ ጉልበቴን የሚስሙ የልጅ ልጆች አሉኝ!